የብርጭቆ ለቃሚው ሽማግሌዎች

ሐጂ ከሊፋ «ቁራሌው» ብለው የሰደቡኝ ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ። ሰዓቱን በምን አወቅከው የሚል ካለ፣ የዐስር ሶላት ሰጋጆች ከመስጊድ ወጥተው በአጠገቤ ሲያልፉ እኔ የሐጂን የግቢ አጥር ተደግፌ ቆሜ ነበር። ሁለቱ ሰላም ብለውኛል። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ግን አላስታውስም።

እዚያ መቆሜ ራሱ ነውር ነው። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ሽማግሌዎቹን ኋላ ኋላ ተከትሎ፣ አጥር ጥግ ቆሞ ጆሮውን የሚቀስር ሙሽራ ታይቶም አይታወቅ። እኔ ግን ቀሰርኩ። የሰማሁትም ይኼ ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል አልጠፋችኝም፦

«ልጄን ለቁራሌው? ከወደቀ የስልክ እንጨት ላይ ብርጭቆ የሚለቅም ሰው! ነገ እሷንም አጥቦ መደርደሪያ ላይ ይደረድራታል!»

ወዲያው ከጓዳው በኩል የሴት ሳቅ መጣ። ኢክላስ ናት። ያን ሳቅ በሺህ ሴት መሃል ብሰማው አልስተውም። ከሆዷ የወጣ፣ ሙሉ ሳቅ ነበር።

ቁራሌው ጆንያ ተሸክሞ በየሰፈሩ አሮጌ ጫማና ጠርሙስ እየገዛ የሚሰበስበው ሰውዬ ነው፤ ታውቁታላችሁ። ሥራው ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን የምወዳት ልጅ አባት በሽማግሌ ፊት ቁራሌው ካሉኝ፣ እሷም ከሳቀች፣ ከዚያ ወዲያ ምን ቀረኝ?

ስድብ ለእኔ አዲስ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መምህር በየነ ሰባ ልጅ ፊት «ግንድ» ብለውኝ ያን ቀን የወጣሁ አልተመለስኩም። ረቡዕ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር አልረሳም። አንዳንዱ ሰው ገንዘብ ያጠራቅማል፣ እኔ የሰው አፍ ነው የማጠራቅመው።

ብርጭቆም አጠራቅማለሁ።

ብርጭቆ ስል የሻይ ብርጭቆ እንዳይመስላችሁ። ድሮ የስልክና የመብራት ሽቦ እንጨቱን እንዳይነካ እንጨቱ ላይ ይሰካ የነበረ፣ ትንሽ ደወል የሚመስል፣ እጅ ላይ የሚከብድ ወፍራም መስታወት ነው። በወረቀት ስሙ ኢንሱሌተር ይባላል። አሮጌ መስመር በሚያፈርስ ቡድን ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት እንጨት ላይ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የፈታሁት በአምቦ መንገድ ላይ ነው። ከላዩ የስንት ዓመት አቧራ ተጋግሮበት ነበር። በእጅጌዬ ጠረግ ባደርገው ፀሐይዋ ውስጡ ገባችና መዳፌ አረንጓዴ ሆነ። እንጨት ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ መዳፌን ሳይ ቆየሁ። የቡድናችን ኃላፊ ጋሽ ያደሳ ከታች «አንተ! ተኛህ ወይስ ሞትክ? ቁርጡን ንገረን!» ሲሉኝ ነው የነቃሁት።

እነዚያን ብርጭቆዎች ከእንጨቱ ጋር ይጥሏቸው ነበር። እኔ ግን በካልሲ እየጠቀለልኩ ቤት ወሰድኳቸው። በሎሚና በአመድ አሸሁ፣ በጥርስ ብሩሽ በላያቸው የተቀረጹትን ፊደሎች ሥር አጸዳሁ። ከወረደው እንጨት መደርደሪያ ሠርቼ መስኮቱ ፊት አቆምኩ። ዛሬ መቶ አርባ ሁለት ናቸው። ውሃ የመሰለ አለ፣ ጠርሙስ አረንጓዴ አለ፣ እንደ ሰማይ ያለ አለ። ሽርፍ ያለውን ጎን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ስታዘቀዝቅ ያቺ አንድ ክፍል ቤቴ ቀለም በቀለም ትሆናለች። ያን ጊዜ ማንም አልሰደበኝም የሚል ስሜት ይሰማኛል።

* * *

ኢክላስን ያገኘኋት አየር ጤና፣ በአባቷ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው። ሽቦ ልገዛ ገብቼ በፌስታል የያዝኩትን ብርጭቆ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። እሷ ለመምህርነት ልትመረቅ ጥቂት ወር ቀርቷት ነበር። ኬሚስትሪ ነው የተማረችው። አንስታ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው።

«ይኼ ድሮ ነጭ ነበር» አለችኝ።

«ሐምራዊ ነው እንጂ።»

«አሁን ነው ሐምራዊ የሆነው። መስታወቱ ውስጥ ማንጋኒዝ የሚባል ነገር አለ። ስንት ዓመት ፀሐይ ሲመታው ቀስ እያለ ቀለሙን ይቀይራል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ማንም ሳያየው፣ እንጨት ላይ ብቻውን ሆኖ።»

ስለ መስታወቱ ነበር የምታወራው። እኔ ግን ስለ እኔ መሰለኝ። ያን ዕለት ሽቦውን ረስቼ ወጣሁ።

ሁለት ዓመት ተዋደድን። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ አከራዬ እትዬ ጥሩብርሃን በሩን ወለል አድርገው ከፍተው በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጡ ይጠብቁናል። «እኔ ዓይኔ ሽንኩርት ላይ ነው፤ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈት ነው» ይሉ ነበር። ኢክላስ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ በዚያ በሚያምር እጇ ትንሽ ወረቀት ጻፈችለት፦ ከየት እንደወረደ፣ በየትኛው ወር። የእኔ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ነው። ደግሞ ሽርፉን ጎን ካዞርኩበት መልሳ ወደ ፊት ታዞረዋለች። «ይታይ፤ ምን ያሳፍራል?» ትለኛለች። ስትሄድ መልሼ አዞረዋለሁ።

ከዚያ ነው ጋሽ ያደሳንና ሁለት የመስጊድ አባቶችን የላክሁት። ከዚያ ነው አጥር ሥር የቆምኩት።

ያን ምሽት ጋሽ ያደሳ ፊታቸው በርቶ መጡ። «አይዞህ! ለመጪው እሑድ ቀጠሮ ሰጥተውናል» አሉኝ። ስለ ስድቡ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሽማግሌ የሰማውን ክፉ ቃል ለላከው ሰው አያደርስም፤ እዚያው ውጦት ነው የሚመጣው። እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደጉ ሰውዬ እያባበሉኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

«አትሂዱ» አልኳቸው።

«ምን?»

«እሑድ አትሂዱ። ትቼዋለሁ።»

«ልጄ፣ ሽማግሌ እኮ አንዴ ሄዶ አይቀርም! ሁለት ሦስቴ ተመላልሶ ነው…»

«ጋሽ ያደሳ፣ ከሄዱ አላውቅዎትም።»

አልሄዱም። ከአስር ቀን በኋላ ኢክላስ በእትዬ ጥሩብርሃን እጅ ደብዳቤ ላከችልኝ። ወፍራም ነበር። ሳልከፍት መልሼ ሰጠኋቸው። «ወስደው ይመልሱላት» አልኩ። እትዬ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ልብህንም በአመድ አሽተኸዋል መሰለኝ» ብለው ወጡ። ያን ሌሊት ለብርጭቆዎቹ የጻፈቻቸውን ወረቀቶች ሁሉ ጽሑፋቸውን ወደ ታች አድርጌ ደፋኋቸው። መቅደድ ግን አልሆነልኝም።

* * *

ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ከሰዓት፣ የእትዬ ጥሩብርሃን ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«አነስ! አንተ አነስ! ሰው መጥቶልሃል! በስድስት ዓመት አንዴ ሰው ሲመጣልህ እንኳ በባዶ እግርህ ትወጣለህ?»

በሩ ላይ ኢክላስ ቆማለች። ከስታለች። ሂጃቧ ጥቁር ነው። ዓይኗ ግን ያው ነው፤ ሲያይህ የምትቆምበትን መሬት የሚያስረሳ ዓይን። መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን መደርደሪያውን ነበር። የተደፉትን ወረቀቶች አየች። ከንፈሯን ነከሰች።

«ትናንት ጋሽ ያደሳ ሱቅ መጡ» አለች። «እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አነስ ጠላኝ፣ አነስ ሌላ አገኘ እያልኩ… 'አትሂዱ ብሎ የከለከለን እሱ ነው' አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን?»

«ሰምቻለኋ! ቁራሌው ሲሉኝ ሰምቻለሁ። አጥሩ ሥር ነበርኩ። አንቺም ስትስቂ ሰምቻለሁ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አጥሩ ሥር…» አለች። «ያ ረቢ! አጥሩ ሥር ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«አነስ፣ አንተ አባዬን አታውቀውም።» እጆቿን አጣመረች። «አባዬ እምቢ ሲል በማር ነው። ለእህቴ ለፈትያ የመጡትን ሦስት ሰዎች 'ልጃችሁ ወርቅ ነው፣ አላህ የተሻለች ይስጠው' ብሎ፣ እስከ በር ሸኝቶ ነው የመለሳቸው። ባሏን ግን፣ ዛሬ አባዬን አቅፎ ባኞ ቤት የሚወስደውን ሰው፣ 'ይኼ የፍየል ቀንድ!' ብሎ ነው የተቀበለው። ሊሰጥ ሲል ነው የሚሳደበው! ልጁን የሚወስድበትን ሰው አንዴ ሳይሰድብ አይሰጥም። ቤታችን ውስጥ ይኼን የማያውቅ የለም።»

አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ መውረድ ጀመረ፤ መሬት ግን አልነካም።

«ቁራሌው ሲልህ ስሰማ…» እንባዋ መጣ። «ደስ ብሎኝ ነው የሳቅኩት። ተፈቀደልን ብዬ ነው የሳቅኩት!»

በረንዳው ላይ የሽንኩርቱ ቢላዋ ቆመ።

«በሳምንቱ እሑድ አባዬ አዲሱን ጀለቢያውን ለብሶ፣ ስድስት ወንበር ግቢው ውስጥ አውጥቶ ጠበቃችሁ። እስከ መግሪብ። ሲመሽ ወንበሮቹን ራሱ ነው አንድ በአንድ ያስገባቸው፤ ማንንም አላስነካም። ከዚያ ወዲህ ስምህን ጠርቶ አያውቅም። በደብዳቤው የጻፍኩልህ ይኼንኑ ነበር። ከፍተህ ብታየው ኖሮ…»

አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግሁም። ወፍራሙ ደብዳቤ፣ በመዳፌ የመዘንኩት፣ የመለስኩት። ስድስት ዓመት የኖርኩበት ቤት መሠረት የለውም የተባልኩ ያህል ተሰማኝ።

«አሁን ለምን መጣሽ?» ያልኩት ይኼን ብቻ ነው። ምነው ሌላ ቃል ባገኝ።

«ጁምዓ ኒካሔ ይታሰራል» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «ወንድሜ ፈሀድ ዓለም ባንክ የሲሚንቶ መጋዘን ላለው ሰውዬ እሺ ብሏል። አባዬ ግማሽ ጎኑን ካመመው ወዲህ ቤቱን የሚያዘው እሱ ነው። ግን አባዬ ገና አልተናገረም። አፉ ቢጎብጥም ይናገራል። እሱ አንተን ከፈቀደ ፈሀድ አይሽረውም።» ተነሳች። እጇ እጄን ሊነካ ቀርቦ ተመለሰ። «ነገ ና። ሕመምተኛ ለሚጠይቅ በር አይዘጋም። ገብተህ ፊቱ ቁም። ከሰደበህ፣ አነስ… ከሰደበህ የአንተ ነኝ።»

ስትወጣ አንዱን ሽርፍ ብርጭቆ ወደ ፊት አዞረችው። በእንባዋ መሃል ፈገግ ያለች መሰለኝ። ስድስት ዓመት ያልተሰማኝ ተስፋ ተሰማኝ፤ ከተስፋ የሚከፋ ነገር እንደሌለ ያወቅሁት ግን በማግስቱ ነው።

* * *

ረቡዕ ከዙህር በኋላ ከጋሽ ያደሳ ጋር ሄድን። ያንን ሐምራዊውን ብርጭቆ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ካሉኝ ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

«ዛሬ እንኳ አጥር ሥር አትቁም» አሉኝ ጋሽ ያደሳ በመንገድ ላይ። «ፊት ለፊት ገብተህ ተሰደብ። በዕድሜዬ ሰው ስድብ ፍለጋ ሲሄድ አጅቤ አላውቅም።»

ሳቅኩ። ወላሂ ሳቅኩ። በልቤ የስድብ ዓይነት እየቆጠርኩ ነበር የምሄደው። ቁራሌው ይበሉኝ። ለማኝ ይበሉኝ። ግንድም ቢሉኝ አሜን እላለሁ።

ሐጂ ከሊፋ ሳሎኑ ውስጥ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ያ ግዙፍ ሰው ግማሽ ሆኗል። ፈሀድ ስልኩን እየነካካ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ኢክላስ የውሃ ብርጭቆ ይዛ አባቷ ራስጌ ቆማለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። አላህ ያሽርዎ» አልኩና ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

ትኩር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው አልታመመም። አወቁኝ። የፊታቸው ጡንቻ ሲሰበሰብ፣ ግንባራቸው ሲቋጠር አየሁ። ና፣ ና፣ አውጣው አባቴ አልኩ በሆዴ።

የተቋጠረው ግንባር ቀስ ብሎ ተፈታ።

«አነስ» አሉ፣ በጎበጠው አፋቸው በኩል፣ ቀስ ብለው። «እንኳን… መጣህ፣ ልጄ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስለጠፋኝ ጨርቁን ፈታሁና ብርጭቆውን በደህናው እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ወደ መስኮቱ አነሱት። ሐምራዊው ብርሃን አንሶላቸው ላይ ወደቀ።

«ያምራል» አሉ። «ሰው የጣለውን… ታከብራለህ። ደግ እጅ ነው ያለህ። ያኔ… አፌ ክፉ ነበር። አውፍ በለኝ።»

ጋሽ ያደሳ አንገታቸውን ደፉ። ኢክላስ «አባዬ…» አለች፤ ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነበር። «አባዬ፣ እባክህ እንዲህ አትበለው…»

አልሰሟትም፤ ወይም አልሰማሁም አሉ። ብርጭቆውን መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩትና ጣቶቼን በጣቶቻቸው ዘጉልኝ።

«ለምትገባህ… ስጣት። አላህ… የተሻለች ይስጥህ።»

መምህር በየነ ግንድ ካሉኝ ጀምሮ አንድ ሰው ደግ ነህ እንዲለኝ፣ ብርጭቆዬን አይቶ ያምራል እንዲለኝ፣ አጥፍቻለሁ ይቅር በለኝ እንዲለኝ ስመኝ ኖሬያለሁ። ሦስቱንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ አፍ ሰማሁ። በስድብ እንዲህ ተመትቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸውም እኮ ወንበር አውጥተው፣ አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ጎረቤት እያያቸው እስከ መግሪብ ጠብቀዋል። የሰደብኳቸው እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ሳልናገር ነው የሰደብኳቸው። እሳቸው የቀጠሩኝን እሑድ ስድስት ዓመት ይዘውታል፤ እኔም የሰደቡኝን እሑድ። ሁለታችንም ይዘን ኖረን፣ በመሃል ያረጀችው እሷ ናት።

«አሚን፣ ሐጂ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ኢክላስ ግቢው በር ላይ ደረሰችብኝ። ጋሽ ያደሳ አንድ ጊዜ አዩንና ራቅ ብለው ቆሙ። የቤት ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው፤ አንዱ ወልቆ በባዶ እግሯ መሬት ላይ ቆማለች። አላየችውም።

«አነስ፣ ስማኝ። እሱ ተናገረ፣ አለቀ። አሁን የሚቀረው ያንተ ቃል ነው» አለች። እየሮጠች ስለመጣች ቃሏ ይቆራረጣል። «'ነይ' በለኝ። እንዲሁ እንዳለሁ እመጣለሁ። አባቴም ይርገመኝ፣ ወንድሜም በሩን ይዝጋብኝ፣ እመጣለሁ። ወይም 'ቅሪ' በለኝ፤ ጁምዓ ፊቴን ታጥቤ እቀመጣለሁ። አንዱን በለኝ። ዝም ብቻ አትበለኝ። ዝምታህን ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ከዚህ በላይ አልችልበትም።»

ነይ። አንዲት ቃል ናት። ጉሮሮዬ ድረስ መጥታለች።

ነይ ብላት የታመመ አባቷን አልጋ ረግጣ ልትወጣ ነው። ነገ ሰፈሩ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ ሰው ወዶ የሚያወራውን ወሬ እኔ ነኝ የማውቀው። ቅሪ ብላት ደግሞ በገዛ እጄ ለሰውዬው መስጠቴ ነው። ይኼን ሁሉ አሰብኩ። እውነቱን ከነገርኳችሁ ግን አፌን የያዘው ይኼ አይደለም። ስድስት ዓመት ያቆመኝ ቂሜ ነበር። ጠዋት የምነሳው በሱ፣ ማታ የምተኛው በሱ። አሁን ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያለ እሱ እኔ ማን እንደሆንኩ፣ የትኛው አነስ «ነይ» ብሎ እንደሚጠራት አላወቅኩም።

አየኋት። የግራ ዓይኗ ሥር አንድ ቀጭን መስመር አለ፤ ያኔ አልነበረም። በየትኛው ዓመት ወጣ? ምን ስታስብ ወጣ? እኔ እንጨት እንጨቱን ስቆጥር፣ ያችን አንዲት መስመር ስትወጣ አላየኋትም።

«አነስ» አለች፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ በጣም ዝግ ብላ። «በለኝ እንጂ።»

ብርጭቆውን ኪሴ ከተትኩ። ዞርኩ። እግሬ ወደ አስራ ስምንት ማዞሪያ ይዞኝ ሄደ። ጋሽ ያደሳ አንድ ነገር ብለው ጠሩኝ፤ እሳቸውንም አልፌ ሄድኩ። ወያላዎቹ «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያሉ ይጣራሉ። ከኋላዬ የግቢው በር ሲዘጋ ለመስማት ጆሮዬን ጣልኩ። እስከ መታጠፊያው ድረስ አልተዘጋም።